ጊዜው የሚያልቅባት የት ላይ ነው?

በልጄ የውጤት ካርድ ላይ በየዓመቱ የሚሰፍረው አስተያየት ተመሳሳይ ነበር። «ጎበዝ ናት፤ ግን ፈጠን ማለት አለባት።» «ልቧን ብትሰበስብ የት በደረሰች።» አንድ ዓመት ደግሞ ሳይለሳለስ «ቀርፋፋ ናት» ተብሎ ተጻፈ። የማንበብ ችግር እንዳለባት፣ እሱም ዲስሌክሲያ እንደሚባል አስቀድመን አውቀናል። ያልገባን ሌላው ነበር። ሳታነብም ትዘገያለች። ጫማ ስታስር፣ ደብተር ስታወጣ፣ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ስትባል፣ በሁሉም ነገር ከእኩዮቿ ወደኋላ ትቀራለች። አታውቅም እንዳይባል ታውቃለች።

እኔ እናት ነኝ እንጂ ባለሙያ አይደለሁም። የምጽፈው ልጃቸው የመማር ችግር እንዳለበት ተነግሯቸው፣ ከዚያም አልፎ ምርመራው ላይ አንድ ዝቅ ያለ የፍጥነት ውጤት አይተው ምን እንደሚያደርጉበት ግራ ለገባቸው ወላጆች ነው። እኔም ያንን ቁጥር ይዤ ብዙ ተንከራትቻለሁ።

«መረጃ የማቀናበር ፍጥነት» የሚለውን አባባል መጀመሪያ ያየሁት ሪፖርቱ ላይ ነው። ሲፈታ ቀላል ነው፤ አንድ ሰው አንድን ነገር አይቶ ወይም ሰምቶ፣ ምን እንደሆነ ለይቶ፣ ወስኖ፣ ምላሽ እስኪሰጥ የሚፈጅበት ጊዜ ማለት ነው። የሚለካውም በቀላል ሥራ ነው። ሰዓት ባይያዝ ማንኛውም የዕድሜ እኩያ ሳይሳሳት የሚጨርሰውን ነገር ይሰጡታል፤ ከዚያ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ስንቱን እንደሠራ ይቆጥራሉ። ስለዚህ ውጤቱ ስለ ልጁ የማሰብ ጥልቀት የሚናገረው ነገር የለም።

ለልጆች በብዛት ከሚሰጡት መመዘኛዎች አንዱ በዌክስለር ስም የሚጠራው የአእምሮ ችሎታ መመዘኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አምስተኛው እትም አምስት ዋና ዋና ዘርፎች አሉት፤ በቃል የሚገለጽ ሐሳብን መረዳት፣ ቅርጽንና ቦታን ማገናዘብ፣ አዲስ ነገር ሲገጥም ማመዛዘን፣ ነገርን ለአፍታ በአእምሮ ይዞ መሥራት፣ እና ፍጥነት። የፍጥነቱ ውጤት የሚወጣው ከሁለት አጫጭር ሥራዎች ሲሆን ለእያንዳንዳቸው የሚሰጠው 120 ሰከንድ ነው። በአንደኛው፣ ከገጹ አናት ላይ ቁጥሮች ከምልክቶች ጋር ተጣምረው ይታያሉ፤ ልጁ ከታች ለተደረደሩት ቁጥሮች የየራሳቸውን ምልክት በእርሳስ ይሞላል። በሁለተኛው፣ በአንድ በኩል የተሰጠው ምልክት በሌላ በኩል ካሉት መካከል መኖር አለመኖሩን እያየ ያመለክታል። በቃ፣ አራት ደቂቃ ነው። በልጅ ላይ ለዓመታት የሚለጠፍ ስም የሚወጣው ከዚህ አራት ደቂቃ መሆኑን ሳውቅ መደንገጤን አልደብቅም።

አማካዩ 100 ነው፤ አብዛኛው ልጅ ከ85 እስከ 115 ባለው ውስጥ ይገኛል። የልጄ የፍጥነት ውጤት 78 ነበር። ይህ ማለት ከ100 እኩዮቿ መካከል የምትቀድመው 7 ያህሉን ብቻ ነው። በቃል የሚገለጽ ሐሳብን በመረዳት በኩል ግን 118 አገኘች፤ እዚያ ደግሞ ከ100ው 88 ያህሉን ትበልጣለች። ሁሉም ተጠቃሎ የሚወጣው አጠቃላይ ቁጥር አማካዩ አካባቢ አረፈ። ይህ አማካይ ነው የሚያዘናጋው። አንድ ትምህርት ቤት ቁጥሩን አይቶ «ምንም የላትም» ብሎ መልሶናል። ዘርፎቹ እንዲህ ሲራራቁ ጠቅላላው ቁጥር ልጁን አይገልጸውም። ባለሙያዎች ፍጥነቱንና ለአፍታ ይዞ መሥራቱን ለብቻ አውጥተው ቀሪውን የሚያሰሉበት ሌላ መለኪያ አላቸው። ሪፖርት ሲሰጣችሁ እሱም ተሠርቶ እንደሆነ ጠይቁ፤ ካልተሠራ ይሠራልን በሉ።

ከቁጥሩ ሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን መርማሪው የሥነ ልቦና ባለሙያ ልጄ ስትሠራ ያዩትን የያዙበት ማስታወሻ ነው። አጠገባቸው ተቀምጬ አንድ በአንድ አስረዱኝ። አንድም ስሕተት የለባትም። ግን እያንዳንዱን ምልክት ሥዕል እንደሚስል ሰው ነው የምታሰፍረው። መስመሩ ትንሽ ከተንጋደደባት መልሳ ታስተካክለዋለች። እርሳሱን ከመጨምደዷ የተነሣ የጣቷ ጫፍ ነጥቷል። ደግሞ አንድ ምልክት በሞላች ቁጥር ዓይኗ ወደ ገጹ አናት ይመለሳል። ሌሎች ልጆች ጥቂት ከሠሩ በኋላ የተወሰኑትን ጥምረቶች በቃላቸው ይይዛሉ፤ እሷ እስከ መጨረሻው ድረስ ሽቅብ ስታይ ነበር።

እንግዲህ 78 ውስጥ ስንት ነገር እንደታጨቀ ተመልከቱ። የእጅ ድካም አለ፤ ምልክቱን ከቁጥሩ ጋር አያይዞ አለመያዝ አለ፤ መሳሳትን መፍራት አለ። የአእምሮዋ ፍጥነት ራሱም አለበት። ከሌሎቹ ለይቶ ይህ ብቻ ነው ማለት ግን አይቻልም። ሌላ ልጅ 78 ሲያመጣ ምክንያቱ ፈጽሞ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ በየመሐሉ ቀና ብሎ መስኮት ስላየ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ መዘግየት ሲነሣ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ጊዜው የሚሄደው የቱ ጋ ነው?

ይህን ለመለየት ቤት ውስጥ የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም። ያንኑ ሥራ መንገዱን እየለወጡ ማሠራት ነው። የታሪክ ጥያቄ በጽሑፍ እንድትመልስ አድርጉና፣ በሌላ ቀን ተመሳሳይ ጥያቄ በቃሏ ትመልስ። በቃል ቶሎ መልሳ በጽሑፍ ከዘገየች፣ ጊዜው የሚሄደው እጇና የፊደል አጻጻፏ ላይ ነው። በቃልም ከዘገየች፣ አንቀጹን እናንተ አንብቡላትና ጠይቋት። ሲነበብላት ከፈጠነች ጊዜውን የሚበላው ንባቡ ነው። ተነብቦላትም፣ በቃሏም መልሳ ከዘገየች፣ ጥያቄው ለምን ሐሳብ ማውጣትና ማደራጀት ላይ እንደምትቆይ ይሆናል። ሁለት ሦስት ጊዜ በተለያየ ቀን ሞክሩት፤ የደከማት ቀን የሚያሳያችሁ ድካሟን ነው።

እኔ ይበልጥ ያየሁት ግልበጣ ላይ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ከመጽሐፍ ወደ ደብተሯ እንድትገለብጥ ሰጥቼ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ቀና ብላ አየች፣ ሁለት ፊደል ያዘች፣ ጻፈች። እንደገና ቀና ስትል የቱ ጋ እንደነበረች ጠፋባት። መስመሩን ከመነሻው በጣቷ እየተከተለች ደረሰችበት፤ ሁለት ፊደል ያዘች፣ ጎንበስ አለች፣ ጻፈች። ለአንድ ረዘም ያለ ቃል ሦስት ጊዜ ቀና ጎንበስ ትላለች። ንባብ የቀናው ሰው ቃሉን ወይም ሐረጉን ባንድ ጊዜ አንሥቶ ያስቀምጠዋል፤ እሷ የምታነሣው ፊደል በፊደል ነው። ከሰሌዳ ሲሆን ርቀቱ ይጨመርበታል፤ መምህሩ ደግሞ ሳትጨርስ ያጠፉታል። ያንኑ ዓረፍተ ነገር «በራስሽ አባባል ንገሪኝ» ስላት ሳታመነታ ነገረችኝ። የግማሽ ክፍለ ጊዜ ጉልበቷ የሚያልቀው ምንም በማታተርፍበት ሥራ ላይ እንደሆነ ለመምህሯ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላስፈለገኝም። ማስታወሻው ተባዝቶ ይሰጣት፣ ቁልፍ ቁልፉን ብቻ ትሙላ አልናቸው፤ ተስማሙ። ከጠየቅናቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይኸው ነው።

ከንባቡ ጋር የተያያዘው ዝግታ ሌላ ምንጭም አለው። መርማሪው ቀለማት፣ ዕቃዎች፣ ቁጥሮችና ፊደላት በረድፍ የተደረደሩባቸውን ገጾች ሰጥተው ሳታቋርጥ ስማቸውን አስጠርተዋታል። ማርታ ዴንክላና ሪታ ሩደል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያዳበሩት መለኪያ ነው። ቀይን ቀይ ማለት ማንንም አያቅተውም፤ የሚታየው፣ የሚታወቀው ስም ከማኅደሩ ተስቦ አፍ ላይ እስኪደርስ የሚወስደው ጊዜ ነው። እዚህ ላይ የሚዘገዩ ልጆች ብዙውን ጊዜ ንባባቸውም አይፈስም። ማሪያን ዎልፍና ፓትሪሺያ ባወርስ እ.ኤ.አ. በ1999 ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት፣ ዲስሌክሲያ ካለባቸው ልጆች አንዳንዶቹ የሚቸገሩት የቃልን ድምፆች በመነጣጠል ነው፤ ሌሎቹ በመሰየም ፍጥነት፤ ሁለቱም የተደራረቡባቸው ደግሞ ከሁሉም ይብሳሉ። ልጄ ከእነዚህኞቹ ናት።

ይህ ለእኛ ለምን አስፈለገ? ፊደሉና ድምፁ በሚገጥሙባቸው ቋንቋዎች፣ በጣልያንኛና በጀርመንኛ እንደታየው፣ ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ ቃሉን በትክክል ሊያነበው ይችላል። ዋናው ምልክት ዝግታው ነው። ስለዚህ ስሕተት ብቻ እየቆጠረ «ያነባል፣ ደኅና ነው» የሚል ፈታኝ ልጁን ሊያልፈው ይችላል። ልጃችሁ ሳይሳሳት ግን እየጎተተ የሚያነብ ከሆነ ሰዓት ተይዞ ይፈተን በሉ።

የትኩረት ማነስ ወይም ኤዲኤችዲ ያለባቸው ልጆችም በዚሁ የፍጥነት መለኪያ ዝቅ ይላሉ። ዲስሌክሲያና ኤዲኤችዲ በአንድ ልጅ ላይ ተደርበው የሚገኙበት አጋጣሚ ብዙ ነው፤ እንደ ብሩስ ፔኒንግተንና ኤሪክ ዊልከት ያሉ ተመራማሪዎች ሁለቱን ከሚያገናኟቸው ነገሮች አንዱ ይህ ዝግታ መሆኑን አሳይተዋል። ስለዚህ አንዱ ሲገኝ ሌላውም ይታይ።

ወደ ትምህርቱ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል፤ ይህኛው ሳይጣራ ሌላው አይጀመርም። ልጅን የሚያዘገዩ፣ ከመማር ችግር ጋር ምንም የማይገናኙ ነገሮች አሉ። በደንብ የማይሰማ ወይም የማያይ ልጅ ይዘገያል። እንቅልፉ የተበላሸ፣ ሲተኛ የሚያንኮራፋና ትንፋሽ የሚያጥረው ልጅ ቀን ይፈዛል። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ መድከም ያዘገያሉ። ድብርትና ጭንቀት ያዘገያሉ። መድኃኒትም አለ፤ እንቅልፍ የሚያመጡ የአለርጂ መድኃኒቶች፣ ለሚጥል በሽታ ከሚሰጡት ደግሞ እንደ ቶፒራሜት ያሉት ማሰብን ዝግ ሊያደርጉ ይችላሉ። አብሰንስ የሚባለው የሚጥል በሽታ ዓይነትም መውደቅ መንፈራገጥ የለውም፤ ልጁ በንግግሩ መካከል ለጥቂት ሰከንድ ፍዝዝ ብሎ ይቀራል፣ ሲነኩት አይመልስም፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይቀጥላል። በሐሳብ የሄደ ልጅ ትከሻው ሲነካ ይመለሳል፤ ይኼኛው አይመለስም። እንዲህ ካያችሁ መምህር ጋ ሳይሆን ሐኪም ጋ ነው መሄድ። ሲሆን አይታችሁ በስልክ ብትቀርጹት ለሐኪሙ ብዙ ይረዳል። ልጃችን እነዚህ ሁሉ ታይተውላት ነጻ ሆነች፤ መነጽር ብቻ ታዘዘላት።

አሁን ወደ ዝምታው። ልጅ ሲጠየቅ ዝም ሲል አዋቂ ሰው አያስችለውም። እኛ ቤት ራት ላይ የሚሆነውን ልንገራችሁ። «ዛሬ ከማን ጋር ተጫወትሽ?» ይላል አባቷ። ዝም። «ማለቴ፣ ዕረፍት ላይ የት ነበርሽ?» ዝም። «ብቻሽን ነበርሽ እንዴ?» ዓይኗ እንባ ያቀርራል። ሁለተኛው ጥያቄ የመጀመሪያው ማብራሪያ መስሎን ነበር፤ ለእሷ ግን አዲስ ጥያቄ ነው። ለመጀመሪያው መልስ እየሰበሰበች ሳለ ሥራዋን በትነን ሌላ እንሰጣታለን፤ ሦስተኛው ሲመጣ የያዘችው ሁሉ ይፈስሳል። አንድ ቀን ራሷ ናት የነገረችን፤ «እማዬ፣ መልሱ ሲመጣልኝ እናንተ ሌላ ትጠይቃላችሁ።» አሁን የቤታችን ደንብ አንድ ጊዜ ጠይቆ ዝም ማለት ነው። መድገም ካስፈለገ ቃሉ ሳይለወጥ ይደገማል። እሷም እያሰበች መሆኗን ለማሳወቅ ጣቷን ጠረጴዛው ላይ ታሳርፋለች፤ ጣቷ እዚያ እስካለ ማንም አይናገርም። ታናሽ ወንድሟን ማስተማሩ ከአባቷ ይልቅ ቀለለን።

ይህ የእኛ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት የትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ክፍል ውስጥ የሚደረገውን ጥያቄና መልስ በድምፅ እየቀዱ ሲያጠኑ፣ መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አግኝተውታል። ወደ 3 ሰከንድ ሲረዝም የተማሪዎቹ መልስ ይረዝማል፣ «አላውቅም» የሚለው ይቀንሳል፣ ዝምተኞቹም መናገር ይጀምራሉ። ሦስት ሰከንድ ለመደበኛ ልጅ ነው። ለእንደ እሷ ዓይነቱ ከዚያም በላይ ያስፈልጋል። መምህሯ ያገኙት ዘዴ ብልህ ነው፤ ክፍለ ጊዜው ሲጀመር ጠጋ ይሉና «በኋላ ሦስተኛውን ጥያቄ አንቺን ነው የምጠይቅሽ» ይሏታል። ጊዜዋን ቀድማ አገኘች ማለት ነው፤ ሌሎቹም ልጆች የሚያውቁት ነገር የለም።

ዘመድ አዝማድ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያለ ያጽናናኛል። የፈተናው ደወል ግን እንቁላሉን አይጠብቅም። እና ተጨማሪ ሰዓት የሚባለው ነገር ይነሣል።

ተጨማሪ ሰዓት በብዙ አገሮች ይታወቃል፤ በእንግሊዝ አገር ፈተናዎች ላይ የተለመደው 25 በመቶ ጭማሪ ሲሆን፣ በአሜሪካ ብዙ ጊዜ 50 በመቶ ይሰጣል። እንደሚያስፈልጋት በምን እናውቃለን ስንል መምህሯ ሁለት ቀለም እስክሪብቶ እንሞክር አሉ። ሁሉም ተማሪ በሚፈተንበት ሰዓት በሰማያዊ ትሠራለች፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ሰማያዊውን አስቀምጣ በአረንጓዴ ትቀጥላለች። በመጀመሪያው የሒሳብ ፈተና በሰማያዊው ከ20 ጥያቄ 11 ደርሳ 11ዱንም አገኘች። በአረንጓዴው ከቀሩት 9 ጥያቄዎች 7ቱን። እንግዲህ በፊት 11 ከ20 ተብሎ የሚመዘገበው ውጤት ስለ ሒሳብ ዕውቀቷ ሳይሆን ስለ ሰዓቱ ነበር የሚናገረው። ክፍልፋይ ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። አረንጓዴው ብዙም አልጨመረላትም፤ ቁጭ ብላ ወረቀቱን ስታይ ቆየች። እዚያ የቸገራት ሰዓት አልነበረም፤ ትምህርቱ አልገባትም። እንደገና መማር ነበረባት፣ ተማረችም። ሁለቱ እንዳይምታቱ ይህ የቀለም ነገር በጣም ይረዳል፤ ወጪ የለውም፣ ማንም መምህር ሊሞክረው ይችላል።

ተጨማሪ ሰዓት ለሁሉም መድኃኒት ነው ብዬ ግን አላምንም። ትኩረቱ የሚበተን ልጅ ሰዓቱ ሲረዝምለት ድካሙም አብሮ ይረዝማል። ልጄም ረጅም ፈተና ላይ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ የምትሠራው ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ለእሷ የበለጠው፣ በመሐል አጭር ዕረፍት መስጠትና ጥያቄውን መቀነስ ሆኖ ተገኘ። አንድን ችሎታ ለማየት 8 ጥያቄ ከበቃ 20 ለምን ያስፈልጋል? አንዳንድ መምህራን ይህን ማዳላት አድርገው ያዩታል። እኔ የምመልሰው እንዲህ ነው፤ ፈተናው የሚለካው ፍጥነትን ከሆነ፣ ለምሳሌ የታይፕ ፍጥነት ከሆነ፣ ሰዓት አይጨመርላት። የሚለካው ሳይንስ ከሆነ ግን ሰዓቱ ምን አገባው?

የቤት ሥራ ላይ የደረስንበት ስምምነት በሰዓት የሚገደብ ነው። መምህሯ ለክፍሉ የቤት ሥራ ሲሰጡ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል ብለው ከሆነ፣ እሷም ግማሽ ሰዓት በሐቀኝነት ትሠራለች፤ ሲሞላ ካቆመችበት ሥር አሰምራ እኔ እፈርማለሁ። ከዚያ በፊት ማታችን በሙሉ የቤት ሥራ ነበር፤ ለቅሶም ነበረበት። ጽሑፍ ሲሆን መጀመሪያ በቃሏ ትነግረኛለች፣ እኔ ዋና ዋናዎቹን ቃላት በወረቀት ጫፍ እይዝላታለሁ፣ ከዚያ ራሷ ትጽፋለች። ማሰብና መጻፍ በአንድ ጊዜ ሲጫኗት ነው የምትቆመው፤ ሲነጣጠሉ ትራመዳለች። በኮምፒውተር መተየብም ተምራለች። መጀመሪያ ላይ ከእጅ ጽሕፈቷ ይዘገይ ስለነበር ጥቅሙ ሲታይ ጊዜ ወስዷል፤ በዚህ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ።

ጠዋት ላይ ብዙም የምለው የለም። ትእዛዝ አንድ በአንድ መስጠት፣ የሚለበሰውን ማታ ማዘጋጀት፣ የሚሠራውን በቅደም ተከተል በሥዕል ግድግዳ ላይ መለጠፍ። «ቶሎ በይ!» ማለት እኛ ዘንድ አንድም ቀን አፋጥኗት አያውቅም፤ እንዲያውም የያዘችውን ያስጥላታል።

አእምሮን ያፈጥናሉ ተብለው የሚሸጡ የኮምፒውተር ጨዋታዎችን በተመለከተ፣ ልጆች በጨዋታው ራሱ ይጎብዛሉ፤ ጉብዝናው ወደ ንባብና ወደ ክፍል ሥራ የመሻገሩ ነገር ግን ደካማ ነው። ገንዘባችሁን ለንባብ አስጠኚ አድርጉት። በተግባር ልጅን የሚያፈጥነው አንድ ነገር ነው፤ የተወሰነ ሥራ እስኪለመድ መደጋገም። ያንኑ አጭር ጽሑፍ ድምፅ እያሰሙ ደጋግሞ ማንበብ፣ የብዜት ሰንጠረዡን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጥናት። የተለመደ ነገር ሐሳብ አይጠይቅም፤ ሐሳቧ ደግሞ ለከባዱ ይተርፋል። ለኤዲኤችዲ የሚሰጡት መድኃኒቶች ትኩረትን ያሻሽላሉ፤ ፍጥነቱ ላይ የሚያመጡት ለውጥ ግን ከልጅ ልጅ ይለያያል፤ ይህ ከሐኪም ጋር የሚመከርበት ነው።

ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ «ሲያድግ ይተወዋል?» የሚለውን ነው። ሮበርት ኬይል እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ሰፊ ትንተና እንዳሳዩት፣ የልጆች ፍጥነት በልጅነት በጣም ይጨምራል፤ ወደ ጉርምስና መጨረሻ ሲቃረብ ጭማሪው ይረጋጋል። ነርቮችን የሚሸፍነው ማይሊን የሚባለው ነገር እየዳበረ መሄዱ ለዚህ አንዱ ምክንያት ነው። ስለዚህ ዘገምተኛ የተባለውም ልጅ ከአምና ይልቅ ዘንድሮ ፈጣን ነው። ግን እኩዮቹም ፈጥነዋል፤ ልዩነቱ ባለበት ሊቆይ ይችላል። ልጄ በድጋሚ ስትመረመር ያገኘችው ቁጥር ከበፊቱ ብዙም የራቀ አልነበረም። ባለቤቴ «ይህ ሁሉ ድካም ለምን ሆነ?» አለ። ቁጥሩ የሚወጣው በዕድሜዋ ካሉት ጋር ተነጻጽሮ ነው፤ ያው ቁጥር መያዝ ማለት እነሱ በሮጡበት ልክ ሮጣለች ማለት ነው።

ለእሷም ነግረናታል። ሪፖርቱን ደብቆ ልጅን «ትንሽ ጎበዝ በይ» ማለት አይሠራም፤ ልጆች ከሌሎች ጋር ራሳቸውን ሲያወዳድሩ ነው የሚውሉት፣ እኛ ካልነገርናቸው «ደደብ ነኝ» የሚለውን ራሳቸው ይደርሱበታል። 118ቱንም 78ቱንም አሳየናት። መጀመሪያ የጠየቀችው «መምህሬ ያውቃሉ?» የሚል ነበር።

አሁንም የሚከብዳት ነገር አለ፤ እሱም የጓደኞች ጨዋታ ነው። ሦስት አራት ልጆች ተሰብስበው ሲቀላለዱ እሷ ለመጀመሪያው ቀልድ መልስ ስታገኝ ጨዋታው አራተኛው ላይ ደርሷል። ትምህርት ቤት የሚሰጠው ድጋፍ እዚህ አይደርስም። ከአንድ ጓደኛ ጋር ስትሆን ግን ሌላ ሰው ናት፤ ስለዚህ ቤት የምንጠራው አንድ አንድ ልጅ ነው፣ እጅ የሚያሠራ ነገር ይዘው እንዲቀመጡ እናደርጋለን፤ ሥዕል፣ መገጣጠሚያ። እጅ ሲሠራ ዝምታ አያስጨንቅም።

የከፍተኛ ክፍል ፈተና እየቀረበ ነው። ለዚህ የሚቀርበው የተጨማሪ ሰዓት ማመልከቻ ከፈተናው ወራት ቀድሞ የሚገባ ነው፤ የቆየ ሪፖርት ላይቀበሉ ስለሚችሉ ምርመራውን ቀደም ብሎ ማሳደስ ያስፈልጋል። ፈቃጁ አካል ከሪፖርቱ ሌላ የሚፈልገው፣ ድጋፉን ክፍል ውስጥ በመደበኛነት ስትጠቀምበት መቆየቷን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። እኔ በሁለት ቀለም የተሠሩትን ፈተናዎች በሙሉ ቀን እየጻፍኩባቸው በአንድ ፋይል አስቀምጫለሁ፤ መምህሯም አጠር ያለ ደብዳቤ ጽፈውልኛል። እናንተም ልጃችሁ ገና ታች ክፍል እያለ ወረቀቶቹን መያዝ ጀምሩ።